ዕድሜው በሰዓት የሚቆጠር የስካን መድኃኒት፦ ድሬ ላይ ማዘጋጀት አይቻልም ወይ?

የከዚራው_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ በሕክምና ሥራ ላይ ላላችሁ የድሬና የሐረር ልጆች።

እናቴ የጡት ካንሰር ታክማ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሏታል። ሰሞኑን ግን ወገቧን ስለሚያማት ሐኪሟ የአጥንት ስካን ትነሳ ብሎ ጻፈላት። ድሬ ላይ ይህ ስካን የለም። አዲስ አበባ ይዣት ሄድኩ። በቀጠሯችን ጠዋት «መድኃኒቱ አልገባም፣ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ» ተባልን። ማሽኑ አለ፣ ባለሙያው አለ፣ መድኃኒቱ የለም። ኮሪደሩ ላይ ከጂማም ከደሴም የመጡ ሰዎች ነበሩ። ሁላችንም ሻንጣችንን ይዘን ወጣን።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ እንደ ሌላው መድኃኒት በብዛት ተገዝቶ ለምን አይቀመጥም? ሁለተኛ፣ እዚሁ ድሬ ወይም ሐረር ማዘጋጀት አይቻልም ወይ? ሦስተኛ፣ ጨረር ነው ስትባል እናቴ ደንግጣለች። ቤት ውስጥ የእህቴ ሕፃን አለ፣ ከእቅፏ አይወርድም። ጉዳት ይኖረው ይሆን?

የምታውቁ በአላህ ንገሩኝ።


ከድሬ_ወዲያ

እናታችንን አላህ ያሽርልን። የተወለድኩት ገንደ ቆሬ ነው። አሁን ውጭ አገር ሆስፒታል ውስጥ ራዲዮፋርማሲስት ነኝ፣ ጨረር ያለው መድኃኒት አዘጋጃለሁ። የጠየቅከው የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ለአጥንት ስካን የሚወጋው ነገር ሁለት ክፍል አለው። አንዱ አጥንት ፈልጎ የሚጣበቅ ተራ ኬሚካል ነው፣ ኤምዲፒ ይባላል። ሁለተኛው ያንን ኬሚካል ካሜራው እንዲያየው የሚያደርገው ቴክኒሺየም-99ኤም ነው። ቴክኒሺየሙ ጋማ ጨረር ይለቃል፣ ጋማ ካሜራው ከውጭ ሆኖ ይቀበለዋል። አጥንቱ ጉዳት እየጠገነ ያለበት ቦታ ደምቆ ይታያል። ኤክስሬይ ላይ ጨረሩ የሚወጣው ከማሽኑ ነው። እዚህ ግን ማሽኑ ምንም አይለቅም፣ ጨረሩ የሚመጣው ከታማሚዋ ሰውነት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄህ። የቴክኒሺየም-99ኤም ግማሽ ዕድሜ 6 ሰዓት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የነበረህ ቀን 6 ሰዓት ላይ ግማሽ ይሆናል። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሩቡ ይቀራል። በማግስቱ ጠዋት አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ። አወዳይ ላይ የተቆረጠ ጫት ለምን በሩጫ ገበያ እንደሚገባ ለድሬ ልጅ አላስረዳም። ይህም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ጫቱን በሙዝ ቅጠል ጠቅልለህ ትንሽ ታቆየዋለህ። ቴክኒሺየምን ግን ብታቀዘቅዘውም ብታሽገውም ሰዓቱን አይቀይርም። ስለዚህ ገዝቶ ማስቀመጥ የሚባል ነገር የለም። በሚወጋበት ቀን መዘጋጀት አለበት።

ዕድሜው ማጠሩ ለእናትህ ደግሞ ጥሩ ነው። ሥዕሉ እስኪነሳ ይቆያል፣ ከዚያ ይጠፋል። ከፊሉ በሽንት ይወጣል፣ የቀረው ራሱ ይፈርሳል። ከአጥንት ስካን የሚደርስባት የጨረር መጠን ከ3 እስከ 5 ሚሊሲቨርት ነው። ማንኛችንም ምንም ሳንታከም ከአፈሩ፣ ከአየሩና ከሰማዩ በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት እንቀበላለን። እንግዲህ የአንድ ወይም የሁለት ዓመቱን ያህል ማለት ነው። ለካንሰር ታማሚ ከስካኑ ከሚገኘው መረጃ ጋር ሲመዘን ትንሽ ነው።

ስለ ሕፃኑ፦ መርፌውን የወሰደች ዕለት ለረዥም ጊዜ ታቅፋ ባትውል ይሻላል። ሰላም ብትለው፣ ብትስመው ችግር የለም። ውሃ በብዛት ትጠጣ፣ ቶሎ ቶሎ ትሽና፣ ሽንት ቤቱ ላይ ሁለቴ ውሃ ይለቀቅበት፣ እጇን በሳሙና ትታጠብ። በማግስቱ እንደ ልማዷ ትሁን። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ ሴት ግን ከመወጋቷ በፊት መናገር አለባት፣ እሱ ሌላ ሂሳብ አለው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ትልቁ ነው። ነገ እመለስበታለሁ፣ አሁን ፈረቃዬ ደርሷል።


የጀጎል_መምህር

ሐረር ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። እህታችን እስክትመለስ አንድ ሂሳብ ልሥራላችሁ፣ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ እዚያ ውስጥ አለ።

አዲስ አበባ ላይ የተዘጋጀ ቴክኒሺየም በአውሮፕላን ወደ ድሬ ይላክ እንበል። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ግን ከክፍል ወደ አየር ማረፊያ፣ ከአየር ማረፊያ ወደ ሆስፒታል ስንደምር ሦስት ሰዓት ይበላል። 71 ከመቶው ይደርሳል። መጥፎ አይደለም። በመኪና 12 ሰዓት ቢፈጅ ግን የሚደርሰው 25 ከመቶ ነው።

ፍሎሪን-18 የሚባለው ደግሞ አለ፣ በሌላ ዓይነት ካሜራ ለሚነሳው ለፔት ስካን የሚሆነው። ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ ነው። በሦስት ሰዓቱ ጉዞ 32 ከመቶ ይተርፋል፣ በመኪናው አንድ ከመቶ። ካርቦን-11 20 ደቂቃ፣ ናይትሮጅን-13 10 ደቂቃ፣ ኦክስጅን-15 2 ደቂቃ ነው። እነዚህ ከተሠሩበት ግቢ አይወጡም። ኦክስጅን-15 ከድል ጮራ ሆስፒታል ተነስቶ ሳቢያን ሳይደርስ ያልቃል።

ስለዚህ ጥያቄው «ይሠራል ወይስ አይሠራም» ብቻ አይደለም። ከየት ተነስቶ በስንት ሰዓት ይደርሳል የሚለው ነው።


አሸዋ_ሰፈር

አቦ ጥሩ ተብሏል። ግን ለምን ሁልጊዜ ከሌላ ቦታ እስኪመጣ እንጠብቃለን? ድሬ ባቡር አላት፣ ኤርፖርት አላት፣ ነፃ የንግድ ቀጠና ተከፍቶላታል። ፍሎሪኑን የሚሠራውን፣ ሳይክሎትሮን የሚባለውን ማሽን ራሱን ለምን እዚህ አንተክልም? ከድሬ ለሐረር፣ ለጅጅጋ፣ ለጭሮ ይደርሳል። አንዴ ከተሠራ ማንንም አንለምንም። ምሥራቁ ሲታመም አዲስ አበባ ነው፣ ሲመረመር አዲስ አበባ ነው። ሰው በመንገድ አለቀ።


ከድሬ_ወዲያ

አሸዋ ሰፈር፣ የመንገዱ ነገር ያንገበግባል፣ ገብቶኛል። ሳይክሎትሮን ምን እንደሚጠይቅ ግን በደንብ እንየው፣ ከዚያ እንወስን።

ፍሎሪን-18 ሲሠራ እንዲህ ነው። ተራ ያልሆነ ውሃ አለ፣ በኦክስጅን-18 የበለጸገ። ውድ ነው። ከሱ ጥቂት ሚሊ ሊትር ትንሽ የብረት ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል። ሳይክሎትሮኑ ፕሮቶን አፍጥኖ ውሃው ላይ ያዘንባል። አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይደበደባል። የኦክስጅኑ ኒውክለስ ፕሮቶኑን ይውጥና ኒውትሮን ይተፋል፣ ፍሎሪን-18 ይሆናል። ያ የተተፋው ኒውትሮን ነው ወፍራም ግድግዳ የሚያስፈልገው። ብዙዎቹ ቦታዎች ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ኮንክሪት ያቆማሉ። በሩ ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ነው፣ ጨረሩ ሳይወርድ አይከፈትም።

ከዚያ ውሃው በቀጭን ቱቦ ተገፍቶ ሆት ሴል ወደሚባለው የእርሳስ ሳጥን ይገባል። የግድግዳው ውፍረት 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ እርሳስ ነው። ውስጡ ያለው አየር ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ እንዳይነፍስ ይደረጋል፣ ሲወጣም በማጣሪያ በኩል እየተለካ ነው። እዚያ ውስጥ አውቶማቲክ ማሽን ፍሎሪኑን ከስኳር መሰል ሞለኪውል ጋር ያገናኘዋል። የሚወጣው ኤፍዲጂ ይባላል። ይህ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሰው እጁን አያስገባም።

አሁን ለእኔ ከሁሉ በላይ የሚከብደውን ልንገራችሁ። መድኃኒቱ ወደ ደም ሥር ስለሚገባ ባክቴሪያ እንዳይኖርበት መመርመር አለበት። ያ ምርመራ ናሙናውን 14 ቀን አቆይቶ የሚያይ ነው። ኤፍዲጂው ግን በዚያው ቀን ያልቃል። ታማሚው ተወግቶ፣ ስካን ተነስቶ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው «ንጹሕ ነበር» የሚል ውጤት የሚመጣው። ሌላው መድኃኒት ተመርምሮ ነው ከመጋዘን የሚወጣው። የእኛ ከመመርመሩ በፊት ሰው ደም ውስጥ ነው።

ታዲያ በምን እንታመናለን? በአሠራሩ። ክፍሉ ንጹሕ ነው ወይ? አየሩ ተጣርቷል ወይ? የመጨረሻው ማጣሪያ ቀዳዳ 0.22 ማይክሮን ነው፣ ከሥራ በኋላ በአየር ግፊት ተፈትኖ ያልተቀደደ መሆኑ ይረጋገጣል። ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ መኖር አለመኖሩ በደቂቃዎች በሚያልቅ ምርመራ ይታያል። አሲድነቱ ይለካል፣ በሥራው ላይ የገባው ኬሚካል ቅሪት ይለካል፣ ግማሽ ዕድሜው ራሱ ይለካል። ከ105 እስከ 115 ደቂቃ መካከል ካልወደቀ የያዝነው ፍሎሪን-18 ብቻ አይደለም ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሲሠራ ሰዓቱ እየሮጠ ነው፣ ታማሚው ጾሙን ሳይበላ ተቀምጧል። አንዱ ካላለፈ ሁሉም ይጣላል፣ ታማሚው በሌላ ቀን ይመጣል። እዚህ ላይ «ዛሬ ብቻ ይለፍ» የሚል ሰው ያለበት ቤት ሳይክሎትሮን መያዝ የለበትም።

ስለዚህ መልሴ፦ ድሬ አንድ ቀን ይኑራት፣ እኔም እመጣለሁ። ግን ከሳይክሎትሮን መጀመር የለብንም። ማሽኑ ያልተቆራረጠ መብራት ይፈልጋል፣ ሌት ተቀን የሚያቀዘቅዝ ውሃ ይፈልጋል። የድሬን ሙቀት አስቡት። መለዋወጫ፣ ኢንጂነር፣ ኬሚስት ይፈልጋል። ካሜራውም ሌላ ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ መንገድ አለ።


የለገሃር_ጭነት

አንድ ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬ በአውሮፕላን የተባለው ኤፍዲጂ፣ 32 ከመቶ ይደርሳል ካላችሁ፣ ሌላ አገር እንደዚህ አድርጎ የሚሠራ አለ ወይስ ጨዋታ ነው?


ከድሬ_ወዲያ

አለ። የመጀመሪያው ኤፍዲጂ ራሱ በአውሮፕላን ነው የሄደው። በ1976 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ አጠገብ ብሩክሄቨን ላቦራቶሪ ተሠርቶ፣ ፊላዴልፊያ ያለ ዩኒቨርሲቲ ድረስ በአውሮፕላን ተልኮ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የተወጋው። ብዙ አገር ውስጥ አሁንም ከአንድ ሳይክሎትሮን ብዙ ከተሞች ይመገባሉ። ሲነሳ የሚበቃውን ሦስት እጥፍ አድርጎ መሥራት ነው። ግን በረራው አንድ ሰዓት ከዘገየ ከቀረው ላይ ሲሶው ይሄዳል።


ሳቢያን_ነርስ

እኔ የምጠይቀው ለእኛ ለሠራተኞቹ ነው። ታማሚ አንዴ ነው የሚወጋው። እኛ በየቀኑ ነን። ኤክስሬይ ክፍል የሚሠሩ ጓደኞቼ የደረሰባቸውን ጨረር የሚለካው ባጃቸው ለወራት ሳይነበብ ይቀራል ይላሉ። እንዲህ ዓይነት ነገር ድሬ ከመጣ ማን ይጠብቀናል? ደግሞ «በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ» ያልሽውን ግልጽ አድርጊልን እህቴ።


ከድሬ_ወዲያ

ጥሩ ጠየቅሽ። ሁለቱንም አንድ ላይ ልመልስ፣ ምክንያቱም አይለያዩም።

ቴክኒሺየም-99ኤም ከእናቱ ይወለዳል። እናቱ ሞሊብዲነም-99 ናት፣ ግማሽ ዕድሜዋ 66 ሰዓት። ስለዚህ ሩቅ መንገድ የምትሄደው እናቲቱ ናት፣ ልጁ ሆስፒታሉ ውስጥ ይወለዳል። ይህን የሚሠራው ዕቃ ጄኔሬተር ይባላል፣ የመብራቱን አይደለም። ባልዲ የምታህል ዕቃ ናት፣ ውስጧ በእርሳስ የተሞላ ስለሆነ ከባድ ናት። መሃሏ ላይ ትንሽ ቱቦ አለ፣ ቱቦው ውስጥ አሉሚና የሚባል ነጭ ዱቄት። ሞሊብዲነሙ ዱቄቱን ይዞ ይቀመጣል።

ጠዋት ስገባ እንዲህ ነው። ጓንት፣ ጋዋን፣ ደረቴ ላይ ባጅ፣ ጣቴ ላይ ጨረር የሚለካ ቀለበት። የጄኔሬተሩ አናት ላይ ሁለት መርፌ አለ። አንዱ ላይ የሳላይን፣ ማለትም የጨው ውሃ፣ ብልቃጥ እሰካለሁ። ሌላው ላይ አየሩ የተሳበለት ባዶ ብልቃጥ፣ ከነእርሳስ ጋሻው። ባዶው ብልቃጥ ይስባል። ሳላይኑ በዱቄቱ መሃል ያልፋል፣ ቴክኒሺየሙን አጥቦ ይወጣል፣ ሞሊብዲነሙ እዚያው ይቀራል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ሌላ ቴክኒሺየም ተጠራቅሞ ይጠብቀኛል። እንዲህ እያለ አንድ ጄኔሬተር ሳምንት፣ ሲቆጠብ ሁለት ሳምንት ያሠራል።

ከዚያ ምርመራ። ሞሊብዲነም ሾልኮ ወጥቶ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። ብልቃጡን ወፍራም የእርሳስ ጣሳ ውስጥ ከትቼ መለኪያው ውስጥ አስገባዋለሁ። የቴክኒሺየሙ ጨረር ጉልበቱ 140 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ስለሆነ ጣሳው ያስቀረዋል። የሞሊብዲነሙ 740 ስለሚደርስ ሰንጥቆ ይወጣል። መለኪያው ያነበበው እንግዲህ ሞሊብዲነሙን ነው። ጨረር አመንጪነት በሚለካበት በቤክረል፣ ለአንድ ሜጋቤክረል ቴክኒሺየም ከ0.15 ኪሎቤክረል ሞሊብዲነም በላይ ካለ ለማንም አይወጋም። ቴክኒሺየሙ በፍጥነት ሲያልቅ ሞሊብዲነሙ ስለሚዘገይ፣ ጠዋት ያለፈ ብልቃጥ ማታ ሊወድቅ ይችላል። ለዚህም ነው ከ12 ሰዓት በኋላ የማንጠቀምበት። አሉሚናውም ሾልኮ እንደሆነ አንድ ጠብታ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጌ በቀለሙ አያለሁ።

ከዚያ ኤምዲፒው። ደርቆ በብልቃጥ ታሽጎ የመጣ ነው፣ ውስጡ ጥቂት የቆርቆሮ ጨው አለ። ያ ቆርቆሮ ነው ቴክኒሺየሙን ከኤምዲፒው ጋር የሚያጣብቀው። አየር ከነካው ግን ይበላሻል። ስለዚህ መርፌዬን ሳስገባ የአየር አረፋ እንዳይገባ በጣም እጠነቀቃለሁ። አረፋ ከገባ ያልተጣበቀ ቴክኒሺየም ይቀራል። ያልተጣበቀው ደግሞ አጥንት ላይ አይሄድም፣ እንቅርት የሚወጣበት እጢና ጨጓራ ላይ ይሰበሰባል። እናትየው ጨረሩን ተቀበለች፣ ሥዕሉ ግን ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። ይህ ደግሞ በወረቀት ክሮማቶግራፊ በደቂቃዎች ይታወቃል። ሳይታወቅ መውጋት በታማሚው ላይ መቀለድ ነው።

አሁን ወደ አንቺ። ብልቃጥ በጣት አይያዝም፣ በመቆንጠጫ ነው። ለትንሽ ምንጭ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ወደ አሥር ሴንቲ ሜትር ስትርቂ ጨረሩ ወደ መቶ እጥፍ ይቀንሳል። ሲሪንጁ ራሱ የእርሳስ ወይም የተንግስተን ልባስ አለው። ከመውጋትሽ በፊት ባዶውን በሳላይን ሞልተሽ ትለማመጂያለሽ፣ እጅሽ እስኪፈጥን ድረስ። የሠራተኛ ገደብ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ 50 ማለፍ አይችልም። ለእጅ 500። በደንብ የተደራጀ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ከዚህ ገደብ በብዙ በታች ነው የሚውለው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛ ትናገራለች፣ ሥራዋ ይቀየራል፣ ደሞዟ አይነካም።

ባጁ ስለማይነበብ ያልሽው ግን በጣም አሳስቦኛል። ያልተነበበ ባጅ ጌጥ ነው። ጄኔሬተር ከመምጣቱ በፊት ባጁ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚነበብበት፣ ውጤቱም ለሠራተኛው በእጁ የሚሰጥበት አሠራር መኖር አለበት። ይህን ጠይቂ፣ መብትሽ ነው።


የለገሃር_ጭነት

አሁን የእኔ ሰፈር ደረሳችሁ። ጭነት ላይ ነኝ። ጨረር ያለበት ዕቃ በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ እንደሚሄድ ብዙ ሰው አያውቅም። ካርቶኑ ላይ መለያ አለ። ነጭ አንድ፣ ቢጫ ሁለት፣ ቢጫ ሦስት። ቢጫዎቹ ላይ የተጻፈ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩ 1 ከሆነ አንድ ሜትር ርቀት ላይ በሰዓት 10 ማይክሮሲቨርት አለ ማለት ነው። በዚያ ቁጥር ነው ከሰውና ከሌላ ዕቃ ምን ያህል እንደሚርቅ የምንወስነው።

ችግሩ ደንቡ አይደለም። ችግሩ ፍርሃት ነው። ምልክቱን ሲያይ «እኔ አልጭንም» የሚል አለ፣ መብቱም ነው፣ ግን የሚያስረዳው ሰው የለም። ዕቃው ቁጭ ይላል። ከሁሉ የባሰው ዓርብ ነው። ዓርብ ማታ የገባ ዕቃ ወረቀቱ ቅዳሜና እሑድ የሚፈርምለት ያጣል። ሰኞ ነው የሚፈታው።


የጀጎል_መምህር

ወንድሜ፣ ያልከውን ልቁጠርልህ። ዓርብ ማታ 12 ሰዓት የገባ ጄኔሬተር ሰኞ ቀን 6 ሰዓት ቢፈታ 66 ሰዓት ሞላው። በትክክል አንድ ግማሽ ዕድሜ። ግማሹ መጋዘን ውስጥ አለቀ ማለት ነው። በሙሉ ዋጋ የተገዛ ዕቃ፣ ግማሽ ሆኖ ይወጣል። አሥር ሰው የሚነሳበት ለአምስት ሰው ይሆናል።

ከደቡብ አፍሪካ ተነስቶ ሁለት ቀን ፈጅቶ ድሬ ቢገባ እንኳ 60 ከመቶው አለ። ሁለት ቀን መንገድ ሄዶ 60፣ መጋዘን ተቀምጦ 50።


የከዚራው_ልጅ

ሱብሃን አላህ። እንግዲህ የእኛም ቀጠሮ በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ለማንኛውም እናቴ ተመልሳ ሄዳ ስካኑ ተነሳላት። አጥንቷ ንጹሕ ነው፣ ወገቧ የዕድሜ ነው አሉ። ዱዓ ላደረጋችሁ ሁሉ አላህ ይስጣችሁ። ሕፃኑን አንድ ቀን ብቻ ነው የከለከልናት፣ እሱም አልሆነላትም፣ በር ላይ ቆማ ስታጫውተው ዋለች።

ይህ ሞሊብዲነም ግን ለምን እዚህ አይሠራም? ለምን ደቡብ አፍሪካ?


ከድሬ_ወዲያ

አልሐምዱሊላህ፣ ደስ የሚል ዜና ነው!

ሞሊብዲነም-99 በብዛት የሚሠራው የኑክሌር ሪአክተር ውስጥ ዩራኒየም ተሰንጥቆ ነው። ለዓለም የሚያቀርቡት ጥቂቶች ናቸው። ኔዘርላንድ ፔተን ላይ፣ ቤልጂየም፣ ፖላንድ፣ ቼክ፣ አውስትራሊያ፣ እና ከእኛ አህጉር ደቡብ አፍሪካ። ሳፋሪ-1 የሚባለው የደቡብ አፍሪካው ሪአክተር ፔሊንዳባ ነው ያለው፣ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። በቦምብ ደረጃ ያልበለጸገ ዩራኒየም ተጠቅሞ ሞሊብዲነምን በብዛት ለገበያ በማቅረብ ከዓለም ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። አፍሪካ ውስጥ መሆኑ ለእኛ ጥሩ ነገር ነው።

ጥቂት መሆናቸው ግን አደጋ አለው። በ2009 እና 2010 እ.ኤ.አ. የካናዳው ትልቅ ሪአክተር ለጥገና ቆመ፣ የኔዘርላንዱም በመሃል ቆመ። ሀብታም አገሮች ውስጥ እንኳ ስካን ተሰረዘ፣ ሐኪሞች ማን ይቅደም እያሉ ታማሚ መረጡ። አሸዋ ሰፈር ስለ ጥገኝነት ያነሳው ስለዚህ ከንቱ አይደለም። ካናዳውያን ከዚያ በኋላ ሞሊብዲነም-100ን በሳይክሎትሮን ደብድበው ቴክኒሺየም-99ኤምን በቀጥታ መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል። ሳይክሎትሮን አንድ ቀን ለሁለቱም ሊሆን ይችላል።


አሸዋ_ሰፈር

ይኸው! እኔስ ምን አልኩ። እሺ፣ መጀመሪያ ጄኔሬተሩ ይሁን፣ ተስማማሁ። ግን «አንድ ቀን» የሚባለው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ሰው ሥልጠና ሲላክ ለጄኔሬተር ብቻ አይላክ። ሳይክሎትሮንም የሚችል ይላክ፣ ማሽኑ ሲመጣ ሰው ፍለጋ አንውጣ።


ሳቢያን_ነርስ

ቆሻሻውስ? ጓንቱ፣ ሲሪንጁ፣ ጥጡ የት ይሄዳል? እኛ ሰፈር ቆሻሻ ላይ ልጆች ይጫወታሉ። የዳቻቱ ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ሁሉንም ጠርጎ ነው የሚሄደው።


ከድሬ_ወዲያ

ይህን የጠየቀ ሰው ያለበት ከተማ ጥሩ ክፍል ይኖረዋል።

ዕድሜ አጭር መሆኑ እዚህም ይጠቅማል። አሥር ግማሽ ዕድሜ ሲያልፍ ከሺህ አንድ ገደማ ነው የሚቀረው። ለቴክኒሺየም 60 ሰዓት ነው። ለፍሎሪን-18 ከ19 ሰዓት ያነሰ። ስለዚህ ቆሻሻው ቀኑ ተጽፎበት፣ በእርሳስ ሳጥን ውስጥ፣ በተቆለፈ ክፍል ይቀመጣል። ቀኑ ሲደርስ በመለኪያ ይለካል። ከአካባቢው ጨረር ካልበለጠ የጨረር ምልክቱ ተገፍፎ እንደ ማንኛውም የሆስፒታል ቆሻሻ ይቃጠላል። ምልክቱን መግፈፍ አትርሱ፣ አለበለዚያ መንገድ ላይ ያየ ሰው ሁሉ ይሸበራል። የተጠቀምንበት ጄኔሬተርም ሞሊብዲነሙ በ28 ቀን ገደማ አሥሩን ግማሽ ዕድሜ ይጨርሳል፣ ወይም ወደ ሠራው ኩባንያ ይመለሳል።

ክፍሉ ግን የወንዝ ዳር አይሁን። ምድር ቤትም አይሁን። የድሬን ጎርፍ የሚያውቅ ሰው ቦታውን ይምረጥ። ወለሉና ግድግዳው የሚጠረግ፣ ስንጥቅ የሌለው ይሁን። የተወጉ ታማሚዎች የሚቆዩበት ለብቻው ክፍልና ለብቻው ሽንት ቤት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ከመርፌው በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይጠብቃሉ። ያን ሁሉ ሰዓት ውሃ እየጠጡ ነው። ረመዳን ላይ የሚመጣ ታማሚ ይህን አስቀድሞ ይወቅ፣ ካልቸኮለ ቀጠሮው ወደ ሸዋል ይዛወርለት።

አንድ ነገር ለፔት የሚሄዱ ዘመዶች ላሏችሁ፦ በዚያ ጠዋት ምንም እንዳይቅሙ፣ ማስቲካም ቢሆን። ኤፍዲጂ ስኳር መሰል ስለሆነ የሠራ ጡንቻ ይወስደዋል። ያኘከ መንጋጋ ደምቆ ይወጣል፣ አንገት አካባቢ የሚፈለገውን ነገር ይሸፍናል።


የጀጎል_መምህር

ይህን ክር ክፍል ውስጥ አነበብኩላቸው። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ጠየቀች፦ ሳላይኑ ሲያልፍ ቴክኒሺየሙን ይዞ ከወጣ ሞሊብዲነሙን ለምን ይተዋል? ሁለቱም አንድ ዱቄት ላይ አይደሉም ወይ? እኔ የፊዚክሱን እንጂ የኬሚስትሪውን በልበ ሙሉነት አልመልስም፣ ለአንቺ ትቼዋለሁ።


ከድሬ_ወዲያ

ጄኔሬተሩ የሚሠራው በዚህ ስለሆነ ልጅቷን ከልብ አመስግንልኝ።

ሞሊብዲነሙ ዱቄቱ ላይ ያለው ሞሊብዴት ሆኖ ነው፣ ሁለት ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዞ። አሉሚናው ደግሞ በአሲድ ታጥቦ ፖዚቲቭ ሆኗል። አጥብቆ ይይዘዋል። ሞሊብዲነሙ ሲፈርስ ግን ፐርቴክኔቴት ይሆናል፣ የእሱ ቻርጅ አንድ ኔጌቲቭ ብቻ ነው። አያያዙ ይላላል። ሳላይን ውስጥ ያለው ክሎራይድም አንድ ኔጌቲቭ ነው፣ በቁጥር ግን እጅግ ብዙ ነው። መጥቶ የፐርቴክኔቴቱን ቦታ ይወስዳል፣ ፐርቴክኔቴቱ ከሳላይኑ ጋር ይወጣል። ሞሊብዴቱን ግን ክሎራይድ አያነቃንቀውም። በሳላይን ምትክ ሌላ ነገር ቢገባ፣ ወይም የአሉሚናው ቱቦ በጉዞ ላይ ተናግቶ ቢሰነጠቅ፣ ሞሊብዲነሙም ሊወጣ ይችላል። ጠዋት ጠዋት በእርሳስ ጣሳ የምለካው ለዚህ ነው።

እንዲህ የምትጠይቅ ልጅ ፋርማሲ ወይም ኬሚስትሪ ትማር። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጁ እዚያው ሐረር ነው፣ ሕይወት ፋና ማስተማሪያ ሆስፒታሉ ነው። ድሬ ወይም ሐረር ላይ ካሜራ ከመገዛቱ በፊት ቢያንስ አንድ ራዲዮፋርማሲስት፣ አንድ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፣ አንድ የኑክሌር ሕክምና ሐኪም፣ ሁለት ቴክኖሎጂስት እና ሳቢያን ነርስን የመሰለች ነርስ መኖር አለባቸው። ኢትዮጵያ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል ናት፣ ኤጀንሲው ለዚህ ሥራ ሰው ያሠለጥናል። ማመልከቻው በመንግሥት መሥሪያ ቤት በኩል ስለሚሄድ ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የለገሃር ጭነትም ይካተት። የዓርቡን ፊርማ ጉዳይ ከጉምሩክ ጋር አስቀድሞ የሚጨርስ ሰው ከሌለ የቀረነው ሁላችንም ባዶ ብልቃጥ ይዘን ነው የምንቆመው።

መምህር፣ የልጅቷን ጥያቄዎች ሰብስበህ በውስጥ መስመር ላክልኝ። ለእያንዳንዱ እጽፋለሁ።